የጨርቅ ተራ በረንዳ

ስፌት የተማርሁት ዱርቤቴ ነው። ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ዓመት ያህል ሲቀራቸው የስፌት መኪናዬን አውቶብስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ባሕር ዳር ገባሁ። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነበር። ከተማው ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ከጀልባ መቆሚያው ተነስቶ ወደ ገበያው የሚወጣው መንገድ ጨርቅ ተራ ይባል ነበር። በአንደኛው ወገን ጨርቅ ነጋዴዎች በተርታ ከፍተዋል። ካኪውን፣ አቡጀዲውን፣ ቴትሮኑን በየጣቃው በር ላይ ያቆሙታል፤ የሙሽራውን ከፈይ አቧራ እንዳይነካው ከውስጥ ይሰቅሉታል። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ የተንጠለጠለው ሁሉ ይርገበገባል። ማዶ ለማዶ ጨው፣ ላምባና ሳሙና ይሸጣል። ወደ ሐይቁ ዝቅ ሲሉ ፀጉር አስተካካዩ፣ ፎቶ አንሺው፣ ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች አሉ። ጠዋት ከዘጌ የመጣ እንጨት ከታንኳ ሲራገፍ ጫጫታው እኛ ድረስ ይሰማል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ከፈረቃ ሲወጡ ደግሞ መንገዱ ጠቦ መተላለፊያ ይጠፋል።

በየጨርቅ ሱቁ ፊት በረንዳ አለ፤ በየበረንዳው ደግሞ ልብስ ሰፊ። በረንዳ የሌለው ሰፊ ሰፊ አይደለም። ስለዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ከሱቅ ሱቅ እየዞርሁ ስጠይቅ ዋልሁ። ሁሉንም በረንዳ ሰው ይዞታል። በመጨረሻ በረንዳው ባዶ የሆነ አንድ ሱቅ አገኘሁ። ባለቤቱ መካ ደርሰው የመጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ የሚላቸው ቀጠን ያሉ ሰው ነበሩ።

“ምን ትሰፋለህ?” አሉኝ።

“የሰጡኝን ሁሉ።”

“እንዲህ የሚል ሰው አንዱንም አይሰፋም” አሉና የለበሱትን ኮት አወለቁ። መቀስ አንሥተው የቀኝ እጅጌውን ከትከሻው ላይ ተረተሩት። ደንግጬ አየኋቸው። “በል መልሰው። ሰግጄ ስመለስ እለብሰዋለሁ።”

ሲመለሱ ለበሱት። ክንዳቸውን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ አነሡ። ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አስኬዱ። ከዚያ “በዚያ በኩል ፀሐይ ይመታሃል፤ መኪናህን ወደዚህ ጥግ አምጣው” አሉኝ። ውላችን ይኸው ነበር። የበረንዳ ኪራይ የሚባል ነገር በመካከላችን ተነሥቶ አያውቅም። ከእሳቸው የገዛ እኔ ዘንድ ያሰፋል፤ እኔ ዘንድ ሊያሰፋ የመጣ ከእሳቸው ይገዛል።

እኔ አባቴን አላውቀውም፤ በልጅነቴ ነው የሞተው። ሐጂ “አንተ ልጅ” እያሉ ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለፋሲካ በግ ከነነፍሱ ይልኩልኛል፤ የእስላም ሥጋ እንደማልበላ ያውቃሉና አሳርጄ እንድበላው። እኔ ለኢድ ከዱርቤቴ ማር አስመጣላቸዋለሁ። ባለቤታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ። ወረታ ያገባች ሴት ልጅና አብሯቸው የሚኖር ወንድ ልጅ ነበራቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከበረንዳው ጫፍ ተቀምጦ ስቆርጥ ያየኛል። ጠመኔዬን ወስዶ በቁርጥራጭ ላይ ኮሌታ ይሥላል። እጁ ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከኔ እጅ የተሻለ ነበር።

ደርግ መጣ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ሐጂ መኖሪያቸውን ይዘው ሱቁን ለቀበሌ ሰጡ፤ በራሳቸው ሱቅ ተከራይ ሆኑ። ይህም ባልከፋ። ነገር ግን ጨርቁ እየጠፋ ሄደ። በር ላይ የሚቆመው ጣቃ ከአሥር ወደ አራት፣ ከአራት ወደ አንድ ወረደ። ነጋዴ ማለት ስድብ ሆነ። ሱቆቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ ግማሹ የቀበሌ መጋዘን፣ ግማሹ የወጣቶች ማኅበር አዳራሽ ሆነ። ፎቶ አንሺው አንድ ጠዋት አልከፈተም፤ የት እንደሄደ የጠየቀም የለም። በዚያን ጊዜ አይጠየቅም።

ከዚያ እኛን በየበረንዳው የምንሰፋውን ሰብስበው በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጁን። እኔ በማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር፣ የደሃ ገበሬም ልጅ ስለሆንሁ ሊቀ መንበር አድርገው መረጡኝ። ለማኅበሩ መሥሪያ የሚሆን ቤት ሲፈለግ ቀበሌው የሐጂን ሱቅ ሰጠን።

እምቢ ማለት ይቻል ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እኔ እምቢ ብል ለሌላ ይሰጡት ነበር። ይህ እውነት ነው። ግን በጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በማይደርስበት ቤት ለመሥራት ደስ ብሎኝ እንደነበርም እውነት ነው።

ሐጂ የሱቁን ቁልፍ በእጃቸው ሰጡኝ። “ከማላውቀው ሰው አንተ ብትይዘው ይሻላል” አሉ። በማግስቱ ስመጣ በረንዳው ላይ፣ እኔ ሰባት ዓመት በተቀመጥሁበት ጥግ፣ ጨርቅ ዘርግተው የልብስ ቁልፍ፣ ክርና መርፌ ደርድረው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኋቸው። “ግባ፣ ግባ፤ ሥራ ይጠብቅሃል” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። “ልጄ ትምህርቱን ጨርሷል። የነጋዴ ልጅ ነው ብለው ሥራ የሚሰጠው አጣ። ከማኅበሩ አስገባልኝ።” ተከራክሬ አስገባሁት። ቆራጭ ሆነ። የተማሪ ዩኒፎርም ሲታዘዝ ከአንድ ጣቃ እኔ ከማወጣው ሁለት ሦስት ሱሪ አብልጦ ያወጣል። በዚያው ዓመት እናቴ ዱርቤቴ ሞተች። ታናሽ ወንድሜን ይዤው መጣሁና እሱንም አስገባሁት። ወንድሜና የሐጂ ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይሠሩ ነበር። ከሥራ በኋላ አብረው ሐይቁ ላይ ይዋኛሉ። እኔን ሁለቱም ጋሼ ይሉኛል። እነዚያ ሁለት ዓመታት፣ ሱቁ የማን እንደነበር ለመርሳት የሚያስችሉ ጥሩ ዓመታት ነበሩ።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርናው መጣ።

ቀበሌው ወጣት እንዲያቀርብ በቁጥር ይታዘዛል፤ ቀበሌው ደግሞ ለየማኅበሩ ያከፋፍለዋል። እኔ የማኅበር ሊቀ መንበር ስለሆንሁ ኮሚቴው ውስጥ ነበርሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢሮው አስጠራኝ። ፊቱ ወረቀት ነበር።

“ካንተ ማኅበር አንድ ሰው ይጎድለኛል” አለኝ። “ዕድሜያቸው የደረሰ ሁለት ናቸው። ወንድምህና የነጋዴው ልጅ።”

ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልሁ።

“ተናገር እንጂ። እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ የምታውቃቸው አንተ ነህ።”

“ወንድሜ ሳንባው ደካማ ነው” አልሁ። “ሌሊት ያስለዋል። እናታችንም በዚያው ነው የሞተች።”

ውሸት ነበር። ወንድሜ ሐይቁን እየዋኘ ርቆ ሄዶ የሚመለስ ልጅ ነው። እናታችን የሞተችውም በሌላ በሽታ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቀና ብሎ አየኝ። ውሸት መሆኑን ያወቀ ይመስለኛል። ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ለብዙ ዓመታት ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር፦ የልጁን ስም አልጠራሁም፤ እኔ አልጻፍሁትም። የተናገርሁት ስለ ወንድሜ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሊወስዱት መጡ። ሁለት ታጣቂና አንድ የወጣት ማኅበር ሰው። ልጁ ካኪ እየቆረጠ ነበር። መቀሱን አስቀመጠ፤ እጁ ላይ የነበረውን ጠመኔ በሱሪው ጠረገ። ወንድሜ ከጠረጴዛው ማዶ ብድግ ብሎ “ምን አጠፋ?” አለ። ታጣቂዎቹ ልጁን ወደ በሩ መሩት። በረንዳው ላይ ሐጂ ተነሥተው ቆመዋል፤ የሚሸጧቸው የልብስ ቁልፎች እግራቸው ሥር ተበትነዋል። ልጁ አቅፎ ሳማቸውና “አባባ፣ አይዞህ፤ ይመልሱኛል” አለ።

ሲሄዱ ሐጂ ወደኔ ዞሩ። ክንዴን ያዙኝ።

“አንተ ኮሚቴው ውስጥ ነህ። ይሰሙሃል። እባክህ ሂድና ለምንልኝ። አንድ ወንድ ልጄ መሆኑን ንገራቸው።”

“እሺ” አልሁ። “አሁን እሄዳለሁ።”

ሄድሁ። ወደ ቀበሌው ግን አልሄድሁም። በመንገዱ ቁልቁል ወርጄ ሐይቁ ዳር ደረስሁ። ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ደንገል እያሰሩ ነበር። እነሱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አንዱ ሽማግሌ “አሞሃል እንዴ?” አለኝ። “ፀሐይ ነው” አልሁት። ውኃ ሰጠኝ። ወደ ቀበሌ ሄዶ ለምኖ ለመመለስ ይበቃል ያልሁትን ያህል ጊዜ ተቀምጬ ተመለስሁ።

“አልተቻለም” አልኋቸው። “ብዙ ለመንሁ።”

“አላህ ይስጥህ” አሉኝ ሐጂ። “ባይሆንልህም ደክመሃል።”

ከየቀበሌው የተወሰዱትን ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ አሳድረው በማግስቱ በጭነት መኪና ጫኗቸው። በዱርቤቴ መንገድ ወደ ማሠልጠኛው ወሰዷቸው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሐጂ እየሮጡ “ጋሼህ ለምኖልህ ነበር! እምቢ አሉት!” ሲሉት ሰማሁ። ልጁ ከላይ ሆኖ በእጁ ወደኔ ሰላምታ ሰጠኝ።

ወንድሜ ነገሩን ለማወቅ አንድ ሳምንት እንኳ አልፈጀበትም። የኮሚቴው ጸሐፊ በቀልድ መልክ “ሳልህ እንዴት ነው?” ብሎ ጠየቀው። ያን ቀን ቤት ስገባ ልብሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆሞ ጠበቀኝ።

“በኔ ስም ነው ያደረግኸው” አለኝ።

“ትሞትብኛለህ ብዬ ነው። ካንተ ሌላ ማን አለኝ?”

“ብትጠይቀኝ እሄድ ነበር። ወይም ሁለታችንም እናመልጥ ነበር። ለምን አልጠየቅኸኝም?”

ጥቅሉን አንሥቶ ወጣ። ዱርቤቴ ተመለሰ። የአጎታችንን መሬት እያረሰ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ። ሐጂ ያነበቡት ቁርዓን ነው፤ የአማርኛ ፊደል አልለመዱም፤ ዓይናቸውም ደክሞ ነበር። ደብዳቤውን ይዘው ወደ ሱቁ ገቡ። ቁልፉን ካስረከቡኝ ወዲህ ደጃፉን አልፈው ገብተው አያውቁም ነበር።

“አንብብልኝ” አሉኝ።

የልጁ ጽሕፈት እንደ አቆራረጡ ጥርት ያለ ነበር። ለእናቱ፣ ለእህቱ፣ ለጎረቤቱ ሰላምታ። ምግቡ እንደሚበቃው፣ ሌሊቱ እንደሚበርድ። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ “ጋሼን አመስግንልኝ። እኔን ለማስቀረት እንደደከመ ነግረኸኛል። ስመለስ ውለታውን እከፍለዋለሁ።”

እዚያ ላይ ስደርስ መስመሩን ልዘለው እችል ነበር፤ አያውቁብኝም ነበር። ግን አነበብሁት። ሐጂ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሲሰሙ ቆዩና “እንደገና ከመጀመሪያው” አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁላቸው። መልሱንም እኔ ጻፍሁ። እሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። “ብርድ ልብስ ቢኖርህ እንዴት ጥሩ ነበር በልልኝ። እናትህ ሰላት በሰገደች ቁጥር ስምህን ታነሣለች በልልኝ።”

ሁለተኛው ደብዳቤ የመጣው ከሰሜን ነው። አጭር ነበር። የእንፍራንዝ ልጅ የሆነ አንድ ጓደኛ እንዳገኘ፣ የእሱን የተቀደደ ሱሪ እንደሰፋለት ጽፎ ነበር። “መርፌ ከአባባ እቃ ብትልኩልኝ” ይላል። ሐጂ ከበረንዳው ላይ ስድስት መርፌ መርጠው በወረቀት ጠቅልለው አመጡልኝ። ላክሁት። ይድረሰው አይድረሰው አላወቅንም። ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

ሐጂ ግን መምጣታቸውን አልተዉም። በየሳምንቱ ሁለቱን ደብዳቤዎች ይዘው ይገባሉ። እኔም ከቆራጩ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ አነባለሁ። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ተበጣጠሰ፤ በኋላ በቃሌ ነበር የምለው። የማኅበሩ ሰዎች ሐጂ ሲገቡ ያያሉ፤ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሌላ ቆራጭ ተቀጠረ፤ ጨርቅ ያባክናል። አንድም ቀን አልተቆጣሁትም።

እንዲህ ዓመታት አለፉ። ጨርቅ ተራ ስሙ ብቻ ቀረ። አንድ ወይም ሁለት በር ይከፈታል። ከጀልባ የሚወርደው ሰው ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ የሚያስቆመው ነገር የለም። ዓሣ ከሚጠብሱት ሴቶች ሦስቱ ልጆቻቸው በአፈሳ ስለተወሰዱባቸው ሥራቸውን ትተው ቤታቸው ዋሉ። ፀጉር አስተካካዩ ባዶ ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ እሱ ራሱ ይቀመጥበታል።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በከተማችን አለፈ። ጫማ የሌለው፣ በዱላ የሚደገፍ፣ ካኪው በላዩ ላይ ያለቀ። ሐጂ በረንዳውን ትተው የዓባይ ድልድይ አጠገብ መዋል ጀመሩ። እያንዳንዱን እያስቆሙ የልጃቸውን ስም ይጠይቃሉ። እኔም ሱቁን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድሁ። ሰዎቹ ዳቦ ይለምናሉ እንጂ ስም የሚያስታውሱ አልነበሩም። አንዱ ወጣት ብቻ፣ ከደግነቱ የተነሣ ይመስለኛል፣ “እንደሱ ያለ ሰው ያየሁ ይመስለኛል፤ ወደ ሱዳን ተሻግሯል” አላቸው። ለሐጂ ያ በቂ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድልድዩ ዘንድ አልሄዱም።

በዚያው ክረምት ታመሙ። ቤታቸው እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሻይ ሊያፈሉ ጓዳ ሲገቡ ብቻችንን ቀረን። ያን ሁሉ ዓመት ይዤው የዞርሁትን ተናገርሁ። የወንድሜን ሳል፣ ሐይቁ ዳር የተቀመጥሁበትን ድንጋይ፣ ሁሉንም።

ሐጂ ዓይናቸውን ከጣሪያው አላነሡም።

“አውቀዋለሁ” አሉ። “መኪናው በሄደ በወሩ ነው የሰማሁት። የኮሚቴው ጸሐፊ ነገረኝ።”

“ታዲያ ደብዳቤውን ለምን ወደኔ ያመጡት ነበር?”

ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ።

“ሌላ ሰው ሲያነበው ሰማሁት፤ አንዴ የመስጊዱ ጎረቤታችን ልጅ አነበበልኝ። ወረቀት ነው የሚያነበው። አንተ ስታነብ ልጄ እንደሚናገረው ነው። የት ላይ ፋታ እንደሚወስድ ታውቃለህ። ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።”

ተንበርክኬ አልጋውን ያዝሁ።

“ይቅርታ ልትለምነኝ ነው የመጣኸው” አሉኝ። “ሞከርሁ። በየሳምንቱ ስመጣ ዛሬ ይቅር እለዋለሁ እል ነበር። ቃሉ አልወጣ አለኝ። አንተ ልጅ፣ እኔም ብሆን ልጄን አስቀርቼ የሰው ወንድም አልሰጥም ነበር ማለት አልችልም። ግን ይቅር ብየሃለሁም ማለት አልችልም። ለአላህ ሰጥቼዋለሁ። ከዚህ በላይ ጉልበት የለኝም።”

እትዬ ሻዩን ይዘው መጡ። ሦስታችንም ጠጣን።

ሐጂ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በቀብሩ ላይ ከሙስሊሙ ወገን ራቅ ብዬ ቆምሁ። እትዬ ዕቃቸውን ሸክፈው ልጃቸው ዘንድ ወረታ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ሱቁ መጥተው በሩ ላይ ቆሙና ግድግዳውን፣ ጠረጴዛውን አይተው፣ እኔን ሰላም ሳይሉኝ ተመለሱ። እሳቸውም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሐሙስ ዱርቤቴ ሄድሁ። ወንድሜ በሬዎቹን እየፈታ ነበር። ሐጂ መሞታቸውን ነገርሁት። ቀንበሩን መሬት ላይ አስቀምጦ ተቀመጠበት።

“ነገርኻቸው?” አለኝ።

“ነገርኋቸው።”

“ምን አሉህ?”

ያሉኝን ሁሉ ነገርሁት። ሲሰማ ፊቱን በእጁ ሸፈነው። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ ግን መልሼ ሰበሰብሁት። ቆይቶ ተነሣ። ሚስቱን ጠርቶ “እንግዳ አለ፤ ምሳ አቅርቢ” አላት።

በላሁ። ስነሣ እስከ አጥሩ ሸኘኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ብቻዬን ሄድሁ፤ ባሕር ዳር ስደርስ ገና ፀሐይ ነበር። ሱቁን ከፈትሁ፤ ለሰኞ የሚደርስ ሥራ ነበረብኝ።